ካናዳን ያወቅሁበት የውርጌሳ መንገድ

ካናዳ የሚባለውን አገር አውቀዋለሁ። አልሄድኩበትም፤ አውሮፕላንም በሰማይ ሲያልፍ እንጂ ከቅርብ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም አውቀዋለሁ እላለሁ። እንዴት እንዳወቅሁት ታግሣችሁ ካነበባችሁኝ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ መቸኮል አልችልበትም።

ስሜ ይመር ነው፣ የመርሳ ሰው ነኝ። ወንዙ ዳር ሽንኩርትና ጥቂት የማንጎ ዛፍ አለኝ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ደግሞ ማሽላ አርሳለሁ። ትምህርቴ በልጅነቴ የቀራሁት ቁርአንና በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት የለየሁት ፊደል ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከመጨረሻ ልጄ ከሰዓዳ ጋር እኖራለሁ። ሰዓዳ ወልድያ ትማር ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርቱ ተዘጋና ቤቷ ገባች።

ስለ ጦርነቱ ከእኔ የተሻለ የሚያወሩ ሞልተዋል። ከተማችን በታጣቂዎች እጅ ገብታ፣ ከደሴም ከወልድያም መኪና መምጣቱ ቀርቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ፣ መሸሽ የቻለ ሁሉ ሸሽቶ ነበር ብል ይበቃል። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ አልጋው እንኳ አልቀረም። እንደ እኔ ያለነው፣ የምንሄድበት የሌለን፣ ቀረን።

ሳይወዱ ከቀሩት አንዱ ጀማል ነበር። ጀማል የጎረቤታችን ልጅ ነው። በጉርምስናው በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ከብዙ መከራ በኋላ ካናዳ ገብቶ፣ እዚያው ረጅም ዓመት ኖረ። ገንዘብ እየላከ አስፋልቱ ዳር ፎቅ አሠራ፤ ትልቅ የብረት በር፣ ጣራው ላይ የውሃ ታንከር ያለበት። በዚያ ክረምት መግቢያ የመጣው ቤቱን ሊያይና ሚስት ሊያገባ ነበር። የፈለጋትም ሰዓዳን ነው። ሽማግሌ ልኮብኝ «እንነጋገርበታለን» ብዬ ነበር። ልቤ ወደ መስጠቱ ያደላ ነበር፤ አልዋሽም። ልጁ ጤነኛ ነው፣ አቋሙ የደለበ ወይፈን ይመስላል፣ ሥራ አለው። ኒካው ሳይታሰር መንገዱ ተዘጋና ከእኛው ጋር ታፍኖ ቀረ።

እንግዲህ ካናዳን መማር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ እቀመጥለትና ያወራልኛል። ሥራ የለም፣ ገበያ የለም፣ ምን ይደረጋል።

«አባባ ይመር፣ ስፋቱ አይነገርም» ይለኛል። «ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ቢነዱ አንድ ሰው አያገኙም።»

«ሰዉ ወዴት ሄዶ ነው?»

«ሰው የለማ! ሐይቅ፣ ጫካ፣ በረዶ። ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም።»

«እና ሰላምታው ከማን ጋር ነው?»

ይስቅብኛል። «ውበቱ እኮ እሱ ነው አባባ! ማንም አይደርስብዎትም። ማንም በርዎን አያንኳኳም። እዚህማ ሰው በሰው ላይ ተጋድሞ ነው የሚኖረው። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ አሥር ሰው ‹እንዴት አደርክ› ይለኛል። ምን አገባው ማደሬ?»

ከአሥሩ አንዱ እኔ ነኝ።

«ብትታመምስ፣ ያ ሁሉ ባዶ አገር ላይ?»

«መደወል ነው። ሄሊኮፕተር ይመጣል።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ!»

ተገርሜ ቤት ገባሁና ለሰዓዳ ነገርኳት። እሷ ጎመን እየቀነጠሰች ሰማችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝም።

«አባ» አለች፣ «ያ ሁሉ አገር ባዶ ከሆነ፣ እሱ ለምን ከሦስት ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራል?»

«ማን አለሽ?»

«ራሱ። እኔ ስሄድ ግን ለብቻችን እንከራያለን ብሎኛል።»

ልጅ ናት ብዬ ተውኳት።

ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት መፈተሽ የጀመሩ ጊዜ ጀማል ከሻንጣው የካናዳን ባንዲራ አውጥቶ ፎቁ ላይ ሰቀለ። ነጭ ነው፤ ዳርና ዳሩ ቀይ፣ መሀሉ ላይ ቀይ ቅጠል አለበት። «ይህን ያየ አይነካኝም፣ እኔ የውጭ ዜጋ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ አልነኩትም። በባንዲራው ይሁን አስቀድመው ጄኔሬተሩን ስለወሰዱበት፣ አላህ ነው የሚያውቀው። አንድ ቦርሳ መድኃኒት ግን ደብቆ አትርፎ ነበር። ከካናዳ ይዞት የመጣ፣ ጓንት፣ ፋሻ፣ የቁስል ቅባት፣ ኢንፌክሽን የሚያጠፋ ኪኒን፣ ሁሉም በየኪሱ የተደረደረ። አንድ ቀን ከፍቶ አሳይቶኝ «እዚያ አገር እያንዳንዱ ቤት ይህ አለው» ብሎኛል።

ጀማል ያላሰበው ነገር ቢኖር የእኛ ገበሬ ያን ጨርቅ ምን ብሎ እንደሚያነበው ነው። በእኛ አገር ነጭ ላይ ቀይ የተሰቀለበት ቤት የሐኪም ቤት ነው። ቅጠሉን ደግሞ ያዩት መድኃኒት ነው ብለው ተረጎሙት። ወሬው በሰንበቴውም በመስጊዱም ዞሮ ግራና እስከሚባለው ገጠር ድረስ ወጣ፤ «መርሳ ላይ የውጭ ሐኪም አለ፣ ፎቅ ላይ ምልክት ሰቅሏል» ተባለ። በሽተኛ መምጣት ጀመረ። አንዱ ልጁን ያሳልበታል፣ አንዷ ዓይኗን ያማታል። ጀማል በሩን አይከፍትም። ጠብቀው ጠብቀው ይመለሳሉ።

«አውርደዋ ታዲያ!» አልኩት።

«አላወርድም አባባ። አለማወቃቸው የእኔ ጥፋት ነው?»

ማሽላው እሸት አልፎ መድረቅ ሲጀምር፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከማሳ ስመለስ ከግራና ገጠር በኩል ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ሲመጡ አየሁ።

በእኛ ዘንድ በሽተኛ የተሸከመ ሲያልፍ ቆሞ ማየት የለም። የያዝከውን ትጥላለህ፣ ትከሻህን ታስገባለህ። ማን ናት፣ ምን ሆነች ብለህ አትጠይቅም፤ እየሄድክ ይነግሩሃል። ተተኪ እስክታገኝ ድረስ ቃሬዛው ያንተ ነው። የክርስቲያን ይሁን የእስላም፣ ይህን የማያደርግ ሰው መርሳ ውስጥ አላውቅም ነበር። ዶማዬን አጥር ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ።

ተሸካሚዎቹ አራት ናቸው፣ አንዱ እግሩን እንቅፋት መትቶት ያነክሳል። ቃሬዛው ላይ ያለችው ዘምዘም የምትባል ወጣት ናት። ትናንት ወልዳለች፤ ልጁ በሰላም ወጥቶ እንግዴ ልጁ አልወርድ ብሏት ደም ይፈሳታል። እናቷ ጨቅላውን በብብቷ ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

«አብሽሪ» አልኳት እናትየዋን።

«ሐኪሙ ቤት ቅርብ ነው?» አለችኝ። «ባለ ምልክቱ?»

ያን ጊዜ ወዴት እንደሚሄዱ ገባኝ። ሐኪም እንዳልሆነ ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልጁ ሐኪም ባይሆን መድኃኒት አለው፣ ውሃ አለው፣ ከእኛ ሁሉ የበረታ ትከሻ አለው። በዚያ ላይ አማቼ ሊሆን ነው። ለእኔ ብሎ እንኳ ይከፍታል አልኩ።

በሩ ላይ ስንደርስ ቃሬዛውን ጥላው ላይ አሳረፍነውና አንኳኳሁ። ደግሜ አንኳኳሁ። ጀማል ፎቁ ላይ ባለው በረንዳ ብቅ አለ።

«አባባ፣ ምንድነው?»

«ልጄ፣ በሩን ክፈት። ወላድ ናት፣ ደም ይፈሳታል።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም እኮ!»

«አውቃለሁ። ያንን ቦርሳህን አምጣልን። አንተም ውረድና ትከሻህን አግዘን፣ ሰዎቹ ደክመዋል።»

«አልችልም።» እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ። «አባባ፣ የማይገባዎት ነገር አለ። እኔ የሌላ አገር ዜጋ ነኝ። ነክቻት ብትሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ። መድኃኒቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ሕግ ነው።»

«የት ያለ ሕግ?»

«እኛ አገር።»

ድምፅ ሰምታ ሰዓዳ ከቤታችን መጥታ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ቃሬዛው ላይ ያለችውን ዝቅ ብላ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ላይ ቀና አለች።

«ጀማል! በሩን ክፈት!»

«ሰዓዳ፣ አንቺ ግቢ። ይህ ያንቺ ጉዳይ አይደለም። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ…»

«የምን እዚያ ነው? መርሳ ነህ እኮ!»

ተሸካሚዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ያፈሩት ስለ እሱ ነው። እናትየዋ ግን ሐኪም የምታናግር መስሏት ወደ ላይ እያየች «ጌታዬ፣ ውሃ እንኳ» አለች።

ጀማል ገባ። የሚወርድ መስሎኝ በሩን ተጠጋሁ። ተመልሶ በረንዳው ላይ ወጣና አንድ የፕላስቲክ ውሃ ከላይ ወረወረልን። አስፋልቱ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። እናትየዋ ሮጣ አነሳችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና የልጇን ከንፈር አረጠበች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«አላህ ይስጥህ ልጄ» አለችው።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ምርቃት ግን አጥንቴ ድረስ የዘለቀ ነገር የለም። ሸሆቻችን ሰው መናቅ ሐራም ነው ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ግን እዚያ በር ላይ ቆሜ ጀማልን ናቅሁት። አልተናደድኩም፤ ንዴት ለሰው ነው። ጫማዬ ሥር እንደገባ ነገር ነው ያየሁት።

ሰዓዳ እጄን ያዘችኝ። «አባ፣ አዋላጇ ሲስተር አልማዝ ከወልድያ ሸሽታ እናቷ ዘንድ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። ውርጌሳ ከተማ ሳይደርሱ፣ ከመንገዱ በላይ።»

«ሩቅ ነው።»

«እዚህ ከመቆም ይቀርባል።»

ቃሬዛውን አነሳን። የሚያነክሰው ሰውዬ እምቢ ቢልም ሰዓዳ ገፋ አድርጋው ቦታውን ያዘች። ሴት ልጅ ቃሬዛ ስትሸከም ያን ቀን መጀመሪያ አየሁ። ማንም አልተናገራትም።

የውርጌሳን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የአውቶቡስ ጡሩምባ፣ መስኮት ላይ ማንጎና ፓፓያ የሚያነሱ ልጆች፣ ግመል የሚነዱ ሰዎች፣ ጤፍ የጫኑ ጋሪዎች የማይጠፉበት መንገድ ነው። ያን ቀን ምንም አልነበረም። በሩ የተዘጋ ቤት፣ ደግሞ በሩ የተከፈተ ግን ሰው የሌለበት ቤት። አስፋልቱ መሀል ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ፤ የሚያስነሳቸው የለም። የእኛው እግርና የዘምዘም ማቃሰት ብቻ ይሰማል። ያን ጊዜ የጀማል ወሬ ትዝ አለኝ። ብትነዳ ብትነዳ አንድ ሰው አታገኝም ያለኝ አገር እንግዲህ ይህ ነው፤ መጥቶልኛል። ውበቱ ይህ ነው ያለኝ። ትከሻዬ ይቃጠላል፣ የሚተካኝ የለም፤ ከፊቴ ያለው መንገድ ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በደስታ የሚያወራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

«አባ፣ ድክም ካለህ እናሳርፍ» አለችኝ ሰዓዳ።

«ዝም ብለሽ ሂጂ።»

አንድ የማሽላ ማሳ አጠገብ ስንደርስ ወፍ የሚጠብቅ ሽማግሌ ማማው ላይ ተቀምጧል። እሱ እኛን አየ። ወንጭፉን አንገቱ ላይ ጣለና እያቃሰተ በመሰላሉ ወረደ። ከእኔ ሳያረጅ አይቀርም።

«ወፉ ይበላብሃል» አልኩት።

«ይብላ» አለና እኔን ገፍቶ በቦታዬ ገባ።

ከእሱ ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ከነጀሪካናቸው አገኘን። ጀሪካናቸውን መንገድ ዳር ደርድረው እነሱም ገቡ። ከዚያ ኬላ ደረስን። አንድ ወጣት ታጣቂ ብረቱን ወድሮ «ቁሙ!» አለ። ቆምን። መጥቶ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አያት። ደሙን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የየትኛው ወገን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አልነግራችሁም። ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዛወረና በአንዱ ማዕዘን ትከሻውን አስገባ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሸክሞ፣ «ከዚህ በላይ አይፈቀድልኝም» ብሎ ተመለሰ።

ሲስተር አልማዝ እናቷ ጓሮ ቲማቲም ስትኮተኩት አገኘናት። ቃሬዛውን ስታይ መኮትኮቻዋን ጣለች።

«መቼ ወለደች?»

«ትናንት ማታ» አለች እናትየዋ።

«ጓንት ያለው አለ?»

ሰዓዳ እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬት አየሁ።

«እንግዲያው ውሃ አፍሉ። ሳሙና አምጡ። ንጹሕ ፌስታል ያላችሁ አምጡ፣ እጄ ላይ አስራለሁ። ወንዶች ውጡ። አንቺ ልጅ፣ ነይ ያዥልኝ።»

ሰዓዳ ገባች። እኛ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ባለ ወንጭፉ ሽማግሌ ዱዓ ጀመረ፣ እኛ አሚን አልን። የሲስተር አልማዝ እናት ክርስቲያን ናት፤ እሷም በራሷ መንገድ ማርያምን ትጠራለች። ከቤት ውስጥ የዘምዘም ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ጩኸቱ ጠፋ። አንደኛው ተሸካሚ፣ ባሏ ኖሯል፣ እስከዚያ ድረስ ማን እንደሆነ አልነገረንም ነበር፣ ተነስቶ ቆመ፣ ቁጭ አለ፣ ደግሞ ተነሳ። ማንም «አብሽር» ሊለው አልደፈረም።

ሰዓዳ በሩ ላይ ወጣች። እጇ እስከ ክርኗ ደም ነው።

«ወረደ» አለች። «ደሙም ቀነሰ። ልጁን ስጡኝ፣ ጡት ታጥባው።»

ባልየው ግንባሩን መሬት ላይ ደፋ። ዘምዘም ዳነች። ለረጅም ጊዜ ትኩሳት አሠቃይቷታል፤ ያ ቦርሳ ውስጥ ያለው ኪኒን ቢኖር ባልተሠቃየች ነበር። ግን ዳነች።

ታጣቂዎቹ ወጥተው መንገዱ ሲከፈት ጀማል ሽማግሌዎቹን ይዞ ቤቴ መጣ። ቶሎ መሄድ አለበትና ኒካው በዚያው ሳምንት ይታሰር አሉኝ። አስቀመጥኳቸው። እንግዳ ናቸው።

«አባባ» አለኝ ጀማል፣ «የዚያን ቀኑን ነገር እንዳይዙብኝ። የለመድኩት አገር እንዲያ ነው። ሰፊ ነው፣ ሰው የለበትም፣ ሁሉም ለየራሱ ነው። ሰዓዳም ስትሄድ ትለምደዋለች።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፊ አገር የሚለው ነገር ገርሟቸዋል። እንደ ደንባችን የልጅቷ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ እሷ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትጠየቃለች። ዝም ካለች ወደደች ማለት ነው። ሴት ልጅ አፍ አውጥታ እሺ አትልም፣ ይሉኝታ አለ። ስለዚህ መጋረጃው ያለበትን በኩል ዞሬ ተቀመጥኩና ጠየቅሁ።

«ሰዓዳ፣ ልጄ። ጀማል አግብቶ ካናዳ ሊወስድሽ ይፈልጋል። ምን ትያለሽ?»

ዝም ሆነ። ሽማግሌዎቹ ፈገግ ማለት ጀመሩ። ጀማል ኮቱን አስተካከለ።

«አባ» የሚል ድምፅ መጣ፣ «ካናዳ ምንም አላደረገችኝም። በር የዘጋብን ካናዳ አይደለችም። ይኼ ሰውዬ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ያዘው። ሌላኛው፣ ቀልደኛው፣ ወደ ጀማል ዘወር ብሎ «ይኸውልህ፣ ዛሬ ደግሞ አንተ አንኳኩተህ አልተከፈተልህም» አለው። ፋቲሃ ቀርተን ተነሳን። ጀማል በሳምንቱ ሄደ። ጠዋት ሲወጣ ደጄ ላይ ቆሜ ነበር፤ እንዴት አደርክ አላልኩትም። ምን አገባኝ ማደሩ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠብኝን ልንገራችሁ። ድሮ ከውጭ የመጣ ሰው ሲገባ ከመቀመጫዬ እነሳ ነበር፤ ዛሬ አልነሳም። ስለ አገሩ ሲያወራልኝ እሰማለሁ፣ ግን እጁን ነው የማየው። ሰዓዳም ትምህርቷን ቀይራ ለአዋላጅነት እየተማረች ነው፤ ሲስተር አልማዝ ናት የገፋፋቻት። ካናዳን ግን እኔ ጠልቻት ነበር። ዘምዘምን ባሰብኩ ቁጥር በሐይቅና በበረዶ የተሞላ፣ በሩ የተዘጋ ሰፊ ቤት ይመስለኝ ነበር።

ሰላም ከወረደ በኋላ አንድ ፈረንጅ የተጎዳውን የመስኖ ቦያችንን ሊያይ መጣ። ከወልድያ የመጣ አስተማሪ ያስተረጉምለታል። የየት አገር ሰው ነው አልኩት። ካናዳ፣ ያውም ከሁሉም ወደ ሰሜን ካለው፣ ሰው ከሌለበት ከሚባለው አለኝ። ሳልወድ ጠየቅሁ።

«እዚያ ባዶ መንገድ ላይ የታመመ ሰው ብታገኝ ምን ታደርጋለህ በለው።»

ፈረንጁ ጥያቄው ገረመው። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ። አስተማሪው እየተከተለ ነገረኝ። «እኛ ዘንድ በክረምት መንገድ ላይ የቆመ መኪና አይቶ ማለፍ የለም። ካለፍከው ያ ሰው በብርድ ይሞታል። የሚቀጥለው መኪና መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ። ጫካ ውስጥ ያሉ ጎጆዎችን ደግሞ አንቆልፍም፤ እንጨት ፈልጠን፣ ክብሪት አስቀምጠን እንሄዳለን፣ ችግር ለደረሰበት ሰው። ሰው ስለሌለ እኮ ነው፣ ያለው ሰው መቆም ያለበት።»

የውርጌሳ መንገድ ፊቴ ላይ መጣ፤ ያ ባለ ማማ ሽማግሌ፣ እነዚያ ባለ ጀሪካን ሴቶች።

«አገራችን የሚኖር ዘመድ አለህ ወይ ይልሃል» አለኝ አስተማሪው።

«አንድ የምናውቀው ሰው ብዙ ዓመት እዚያ አለሁ ይለን ነበር» አልኩ። «እዚያ ገና እንዳልደረሰ ግን ዛሬ ነው ያወቅሁት በለው።»

አስተማሪው ልተርጉመው አልተርጉመው ብሎ አየኝ። ተርጉመው አልኩት።